በጽዋ የተሰጠኝ ሹመት

ይድረስ ለምወድህና ለምኮራብህ ወንድሜ ለአያ አድማሴ፣

ከናፍቆቴ ብዛት ሰላምታውን ከየት እንደምጀምረው ቸግሮኛል። እንዴት ሰነበትህ? ጤናህስ? ጉልበትህስ? እንቅልፍህስ? ያ ወገብህን ይዞ አላላውስ የሚልህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከመኪና ሥር ስትወጣ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ ትፈልጋለህ? ቤዛዊት እንዴት ናት? ልጃችሁ መቅደላዊትስ? የወለቀው ጥርሴ አልበቅል አለኝ ብላ ስታለቅስ ነበር፤ በቀለላት ወይ? የጅጅጋው ነፋስ ዘንድሮስ እንዴት አደረጋችሁ? ድምፃችሁን ከሰማሁ ሰነበትሁ። ስልኩ አንዳንድ ቀን ሲሠራ ብዙውን ቀን ይተኛል። ጎረቤታችን አስማረ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ መሆኑን ስሰማ፣ ይህችን ወረቀት እባክህ ለጅጅጋ አውቶቡስ ሰዎች ስጥልኝ ብዬ ለመንሁት። እሱም አላሳፈረኝም።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ሸጋ ነን። እማዬ ከአይከል ከመጣች ወዲህ ሰውነቷ መለስ ብሏል። ዓይኗ ግን ያው እንደምታውቀው ነው። ቀን ቀን በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን በኮቴው ትለያለች፤ ሲመሽ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ሐኪሙ ሞራው ይገፈፋል ብሏል፤ ቀጠሮ እየጠበቅን ነው። ልጄ ፍሬ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ አፏ ግን ዐሥረኛ ክፍል ደርሷል። ከማን ወረሰችው ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በጥቅምት በስልክ የነገርሁህን ሹመት ከእኔ በላይ ደስ ብሎህ ተቀብለህ፣ የጋራዥ ጓደኞችህን ሰብስበህ ምሳ መጋበዝህን ቤዛዊት ነግራኛለች። አያ፣ ደስታህን ላፈርስብህ ነውና ተቀምጠህ አንብበው። ኃላፊነቱ ዛሬ በእጄ የለም። ተባርሬ አይደለም፣ ሰርቄም አይደለም፣ ከወይዘሮ ኤሌኒም አልተጣላሁም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔ ለመብላትም አልደረስሁ፣ አንተ ግን በስሜ በልተሃል። ነገሩን ከሥሩ እነግርሃለሁ። በስልክ ብነግርህ መሀል ላይ ትቆጣና መስመሩም ይቋረጣል፤ ወረቀት ግን ብትቆጣውም እስከ መጨረሻው ይናገራል።

ስፌት ቤታችንን ታውቀዋለህ። አንተ ከጎንደር ስትወጣ ወይዘሮ ኤሌኒ የዩኒቨርሲቲ ሥራዋን ትታ በጥቂት የስፌት ማኪና ገና መጀመሯ ነበር። አሁን አድጓል። የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን፣ የሆስፒታል አንሶላና ጋውን እንሰፋለን፤ መስከረም ሲጠባማ ራሳችንን የምናክበት ጊዜ የለንም። በሁለት ፈረቃ ነው የምንሠራው። እኔ የከሰዓቱ ፈረቃ ነኝ፤ የምወጣው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እማዬና ፍሬ በራቸውን ዘግተው ተጠጋግተው ይጠብቁኛል። አንዷ ልጅ፣ አንዷ ዓይነ ደካማ፤ ማኪናው ላይ ሆኜ ሐሳቤ ከእነሱ ጋር ነው የሚያመሸው። ስለዚህ ሁለቱንም ፈረቃ የሚመራ የስፌት ኃላፊ ሊሾም ነው፣ ጠዋት ገብቶ ዐሥር ሰዓት ላይ ይወጣል ሲባል ልቤ እዚያው ላይ ቀረ። ለስሙም ቢሆን ፈልጌዋለሁ፤ አንተን አልዋሽም። ከጭልጋ አንድ ፌስታል ይዤ የመጣሁ ሴት ኃላፊ ተብዬ ስጠራ ማየት አማረኝ።

የሚካኤልን ጽዋችንንም አትረሳውም። በየወሩ በዐሥራ ሁለት የስፌት ቤቱ ሴቶች በተራ እየደገስን እንጠጣለን። እውነቱን ልንገርህ፣ ጎንደር ላይ ሰው ያደረገኝ ያ ጽዋ ነው። ፍሬን ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ፣ አባታችን ሲያርፍ እስከ አይከል በመኪና ተጭነው መጥተው ያለቀሱልኝ እነሱ ናቸው። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች፣ ቄስ ሐብተ ማርያም ጸሎቱን ያደርሳሉ፤ ከዚያ ጨዋታ ነው። የእኛ ጨዋታ ደግሞ ከሥራችን አይወጣም። መስኮቱ አጠገብ ማን ትቀመጥ፣ ለበዓል ዋዜማ ማን ትግባ፣ አዲስ የመጣችዋን ማን ታሠልጥናት፣ ሁሉም እዚያው ጠላው ላይ ያልቃል። በማግስቱ የጽዋው መሪ፣ ሙሴ የምንላት ትዕግስት፣ ቢሮ ትገባና ለኤሌኒ ሠራተኛው እንዲህ ብሏል ትላታለች። ኤሌኒም ከተስማማችሁ ደግ ነው ትላለች። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። እንዲህ እንደሚሆን ራሱ ልብ ያለው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

በነሐሴ ደግሞ አንሶላ የሚገዛን ድርጅት አንዲት አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ ላከልን። የሥልጠናው ርእስ "በሥራ ቦታ ብዝኃነትንና አካታችነትን መገንባት" ይባላል። አያ፣ ይህን ለመዋጥ ውኃ ያስፈልጋል። ሴትየዋ ግን ሸጋ ሰው ናት፤ ባለቀለም ወረቀት አደለችንና በመሥሪያ ቤታችሁ ወደ ኋላ የተተወ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችን። ሁላችንም በአንድ አፍ የለም አልን። እኔማ ብድግ ብዬ፣ እኛ ቤት እስላም ክርስቲያን መባባል የለም፣ ረቡዕና ዓርብ ከዘይነባ ጋር በአንድ ትሪ ነው የምንበላው ብዬ አስጨበጨብሁ። ዘይነባም አብራ አጨበጨበች። ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ ለጠፍናቸው፤ አሁንም አሉ።

ዘይነባን በስልክ ሰላም ብለሃታል፤ ያቺ አዲስ ዓለም ሰፈር የምትኖረው፣ ማኪናዋ ከእኔ ጎን ያለው። ከእኔ ቀድማ የገባች ናት። ቁጡ ናት፤ ክር ከተበጠሰባት ማኪናውን ከነዘር ማንዘሩ ትሰድበዋለች። ፍሬ ሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል የተኛን ጊዜ ግን ስንቅ ይዛ ስትመላለስልኝ የከረመችው እሷ ናት። በፍስክ ሥጋችን ስለማይገናኝ ለብቻዋ ትበላለች። ጾም ሲገባ ደግሞ "ተመስገን፣ ጾማችሁ መጣልኝ" እያለች ከእኛ ትሪ ላይ ትቀመጣለች። ጓደኛዬ ናት። ከጓደኛም በላይ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ጽዋው ትዕግስት ቤት ነበር። ኤሌኒ ኃላፊዋን ከመካከላችሁ መርጣችሁ አሳውቁኝ ብላ ነበርና ጸሎቱ እንዳለቀ ወሬው ተነሣ። ትዕግስት "ማሬ ትሁን እንጂ ማን ይሆናል!" አለች። ትሁን፣ ትሁን ተባለ። ቄስ ሐብተ ማርያም መረቁ፣ እኛም አሜን አልን፣ እልልታው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እኔ ዓይን አፋር መስዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ሆዴ ግን ይስቅ ነበር። ለአንተ የደወልሁልህ ከዚያ እንደወጣሁ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በማግስቱ ረቡዕ፣ ፈረቃው ሲለዋወጥና ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ሳለን ኤሌኒ ገባችና "ሁላችሁም ተስማምታችሁ ማሬን ስለመረጣችሁ ደስ ብሎኛል" አለች። ተጨበጨበ። ዘይነባ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክር እያሳለፈች ነበር። ቀና ሳትል መቼ ነው የተስማማነው ብላ ጠየቀች። ትዕግስትም ምንም ሳይመስላት ትናንት ማታ በጽዋው አለቻት። ዘይነባ ክሩን አሳለፈችና "እኔ የት ነበርሁ?" አለች። አነጋገሯ ቁጣ የለውም። እንደዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ከኋላ ልብስ የሚተኩሰው ማንያዘዋል ካውያውን አቆመና እኔም አልነበርሁም አለ። ይርገዱ የምትባለው ከትክል ድንጋይ የመጣች ልጅ ደግሞ እኔን ማንም አልጠራኝም አለች። ልጅቱ ከጓደኞቿ ጋር በአንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ መደገሻ ቤት ስለሌላት ጽዋችንን አብረሽን ጠጪ ብሎ የጋበዛት የለም። ኤሌኒ እኔን ታየኛለች፣ እኔ ትዕግስትን አያለሁ፣ ትዕግስት ወለሉን ታያለች። ወደየማኪናችን ሄድን። በዚያ ቀን የጾም ትሪያችን ሲቀርብ ዘይነባ አልመጣችም፤ ምሳዋን ይዛ ጨርቅ ከምናስቀምጥበት ክፍል ገባች።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ምቀኝነት ነው አልሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው ደስታዬን ልትነጥቀኝ የምትነሣው እሷ ትሁን ብዬ እቤት ስገባ ለእማዬ አማረርሁ። እማዬ እስክጨርስ ሰማችኝና "እና ለምን አልጠራችኋትም?" አለችኝ። ጽዋ እኮ ነው እማዬ፣ እሷ እስላም ናት፣ እንዴት ትጠራለች አልኋት። እሷም "ለጽዋው አላልሁም፤ ለሹመቱ ነው የምልሽ" አለች። እኔም እራት ላቀርብ ተነሣሁ።

እራቱ ላይ ትዝ ያልኸኝ አንተ ነህ አያ። ታስታውሳለህ፣ የጋራዡ ፎርማን የተለወጠ ጊዜ ደውለህ የነገርኸኝን? ጓደኞችህ ማታ ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠው በቋንቋቸው ሲጫወቱ ነገሩን ሁሉ ጨርሰውት ያድራሉ፣ አንተ ጠዋት ከዘበኛው ትሰማለህ። ከሁሉም ጋር ተስማምቼ እየኖርሁ በዚች በዚች ነገር እንግዳ ነኝ ብለኸኝ ነበር። እኔ ያን ቀን ደሜ ፈልቶ፣ ሰው አይደለህም ወይ፣ እንዴት እንዲህ ያደርጉሃል ብዬ በስልክ ስጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። በአንተ ላይ ሲሆን ግፍ ያልሁት ነገር በእኔ ደጅ ሲሆን ጨዋታ መስሎኝ ኖሯል። ይህ ሲገባኝ አፈርሁ፤ እፍረቱ ደግሞ ከንዴቱ ይብሳል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በአዲስ ዓለም በኩል ዞሬ ዘይነባ ቤት ሄድሁ። ሻይ አቀረበችልኝ። እኔም ትልቅ ሰው ለመሆን ዳድቶኝ ሹመቱን ላንቺ ልተውልሽ፣ ለኤሌኒም ነገ እነግራታለሁ አልኋት። የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። ያ የለመድሁት ቁጣዋ መጣ። "ወላሂ ማሬ፣ ሰጪዋ ማን አደረገሽ?" አለች። ቀጥላም እንዲህ አለችኝ፤ "እኔ ወንበርሽን ስጪኝ አልሁሽ? ስትነጋገሩ ጥሩኝ ነው ያልሁ። ብጠራ ኖሮ ማሬ ትሁን የምለው መጀመሪያ እኔ ልሆን እችል ነበር። አሁን ግን አንቺም አታውቂው፣ እኔም አላውቀው።" ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ተቀይሜ ነው የወጣሁት። ወደ ፒያሳ እስክደርስ ድረስ በልቤ ስሰድባት ቆየሁና ከዚያ በኋላ ስድብ አለቀብኝ፤ ያለችው ነገር ብቻ ቀረ። አሥር ሰዓት ላይ መውጣት ያማረኝን ያህል፣ ማን መረጠሽ ሲሉኝ ቀና ብዬ የምመልሰው ነገር እንደሌለኝ ገባኝ።

ሰኞ ለኤሌኒ ነገርኋት። የጽዋው ምርጫ ይቅር፣ በሥራ ሰዓት፣ በሁለቱ ፈረቃ መገናኛ ላይ፣ ልብስ ተኳሹም የጽዳት ሠራተኛዋም ባሉበት እንደ አዲስ ይመረጥ አልሁ። ኤሌኒ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ወረቀት አየችና፣ እኔ እኮ "ሠራተኛው" ስትሉኝ ሁላችሁም ትመስሉኝ ነበር አለች። ወዲያው ተስማማች። ችግሩ ከእኛው ከጽዋ ተጣጪዎቹ ተነሣ። ትዕግስት የተመረቀ ነገር ይፈርሳል ወይ፣ በሚካኤል ፊት አሜን ብለን እንዴት እንመልሰዋለን፣ ነገ አንድ ነገር ቢደርስብን ማንን ልንል ነው ብላ አለቀሰች። አትሳቅ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ሹመቱን ለመተው ቆርጬ፣ ምርቃቱን ለመተው ግን አልቆረጥሁም።

ምን ይደረግ፣ ቄስ ሐብተ ማርያም ዘንድ ሄድን። ትዕግስት ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ ዘረዘረችላቸው። አባ ጢማቸውን እያሻሹ አዳምጠው ሲያበቁ "የምን ሹመት ነው?" አሉ። ያን ዕለት ማታ የመረቁት ነዋ ስንላቸው፣ "ልጆቼ፣ እናንተ እርስ በርስ ስትንጫጩ እኔ ጽዋዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። አባ ይመርቁልን አላችሁኝ፤ ከናንተ አንዷ ያረገዘች መስሎኝ ፍሬውን ይባርክላችሁ ብዬ መረቅሁ። የማንንም ስም አልጠራሁም" አሉን። አያ፣ ትዕግስት ከለቅሶዋ መሀል ሳቀች። አባም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ከበድ አሉ። ምርቃት ለመልካም ነገር ሁሉ ይሆናል፣ የሚመረጠው ላይ ይደርሳል፣ ለሰው ፊት አታድሉ ተብሎም ተጽፏል አሉን። ከዛሬ ወዲያ ጽዋ ፊት የማኪና ወሬ ብሰማ ጠላውን ጥዬ እወጣለሁ ብለውም አስጠነቀቁን። ጠላውን ጥለው ይወጣሉ ብዬ ባላምንም ነገሩ ገብቶኛል።

ምርጫው በጥቅምት መጨረሻ ሆነ። ማኪናዎቹ ሁሉ ጠፍተው አዳራሹ እንደዚያ ጭር ሲል አይቼ አላውቅም። እኔም ቆምሁ፣ ዘይነባም ቆመች፣ ትዕግስት ግን እኔ ሙሴነቱ ይበቃኛል አለች። እኔ ብዙ ተናገርሁ፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ፈረቃው፣ ስለ ፍቅራችን፤ አፌ እንደሆነ ታውቀዋለህ። ዘይነባ ግን እኔ ቁጡ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ፤ የምቆጣው ግን ፊት ለፊት ነው፣ ከበስተኋላ የምጨርሰው ነገር አይኖርም ብላ ተቀመጠች። ሰው ሳቀ። የመረጥነውን ሰው ስም ወረቀት ላይ እየጻፍን የክር ጣሳ ውስጥ ጨመርን፤ ማንያዘዋል እያወጣ ጮክ ብሎ አነበበ። ይርገዱ ወረቀቷን ከመጨመሯ በፊት ሁለት ጊዜ ገልጣ አነበበችው። እዚህ ቤት ስትሠራ ምን ትያለሽ ተብላ ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ዘይነባ አሸነፈችኝ። እንዳትቀየመኝ በግልጽ ልንገርህ፤ ከፋኝ። አጨበጨብሁ፣ ሳምኋት፣ እንኳን ደስ ያለሽ አልኋት፤ እቤቴ ስደርስ ግን ፍሬ እንዳትሰማኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ አለቀስሁ። እማዬ ድምፄን ሰምታ በዳበሳ መጣችና ራሴን ደባበሰችኝ። ያለቀስሁት ማታ ከእሷ ጋር መሆን አምሮኝ እንደሆነ ታውቃለች፤ ብትናገር የሚብስብኝ መሆኑንም ታውቃለች።

ዘይነባ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ ለእኔ ፊቷን ታበራልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ እቴ! እንዲያውም አንድ ቀን አርፍጄ ስገባ ሰው ፊት ቆጣችኝ። የፈረቃ ድልድሉን ስታወጣ ግን ሁላችንንም ሰብስባ፣ ጉዳይ ያለው ሰው እዚሁ ይናገር፣ በጆሮዬ የሚያንሾካሹክ እንዳይመጣ አለች። እኔ ኮራሁና ዝም አልሁ። የእማዬን ነገር እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማውጣት ልመና መሰለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ምራቄን ዋጥ አደረግሁና እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ማታ ማታ አጠገቧ መሆን እፈልጋለሁ አልሁ። ይርገዱ እጇን አወጣችና እኔ ጠዋት ጠዋት ትምህርት አለኝ፣ ወደ ከሰዓቱ ብታዛውሩኝ ለእኔም ይሻለኛል አለች። ስንት ጊዜ አብረን ሠርተን ትምህርት መጀመሯን የሰማን አንድም ሰው አልነበርንም። አሁን እኔ ጠዋት ገብቼ በስምንት ሰዓት እወጣለሁ፤ ኃላፊ ብሆን ኖሮ ከምወጣበትም ይቀድማል። ሲመሽ እማዬን ክንዷን ይዤ ደጅ ደጁን አናፍሳታለሁ።

ጽዋውም አልቀረም። ይርገዱም ገባችና ኅዳር ሚካኤልን እሷ ቤት እንድንጠጣ ተባለ፤ ድግሱን ሁላችንም አዋጥተን፣ ክፍሏ ትንሽ ስለሆነች ግማሾቻችን ደጅ ላይ ተቀመጥን። አባ ዓይናቸውን ጣሉብንና ስለ ሥራ እንዳናወራ ጠበቁን። ለካ የሥራ ወሬ ከቀረ የምናወራው የለንም! ዳቦውን እየቆረስን ተቀባበልን። ከዚያ ትዕግስት ስለ ባሏ ሕመም ጀመረች። ከባድ ሕመም ነው አያ፤ ያን ያህል ዘመን ስንጠጣ እኛ ስለ መስኮትና ስለ ፈረቃ ስንሟገት እሷ ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖራለች።

አንድ ለማንም ያልተነፈስሁት ነገር አለ፤ ለአንተ ልንገርህ። በዚያ ወረቀት ላይ የጻፍሁት የራሴን ስም ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አይደል! ቢደገምም ራሴን ነው የምመርጠው። ኃላፊነቱ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ተብሏልና የሚመጣው ዓመት እንደገና እቆማለሁ። ዘይነባን ሳይቀር ድምፅሽን ትሰጪኛለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ አስብበታለሁ ብላኛለች። ጾሙ ስለገባ ከትሪያችን ላይ ነው የምትበላው፤ እንደ ልማዷ ጾማችሁ መጣልኝ ትላለች፣ እኔም እንደ ልማዴ እጇን ከሽሮው መሀል ገፋ አደርገዋለሁ።

አሁን ስለ አንተ ልናገር፤ ታናሽ ብሆንም ስማኝ። ጋራዡ ውስጥ ዝም ብለህ አትኑር። ጓደኞችህ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ወገብህ የታመመ ጊዜ ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱህ እነሱ ናቸው። እንደ እኛው ልብ ሳይሉት ቀርተው ይሆናል እንጂ ንቀውህ አይመስለኝም። እኛም ዘይነባ ባትጠይቀን ኖሮ እስከ ዛሬ እልል እያልን ነበር። አንድ ቀን መፍቻህን አስቀምጥና ስትነጋገሩ እኔን ለምን አትጠሩኝም በላቸው። መቆጣት አያስፈልግህም፤ ማኩረፍም አያስፈልግህም፤ ቀስ ብለህ ብቻ ጠይቃቸው። ጥያቄው አይሠራም ካልኸኝ እኔን እየኝ፤ ሹመቴን የወሰደብኝ እሱ ነው።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን ልቋጨው። ቤዛዊትን ጉንጯን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሽቶ ደርሶኛል፤ ፍሬ ሳትጨርሰው ደብቄዋለሁ። መቅደላዊትን ጥርሷ ከበቀለ በጥርሷ፣ ካልበቀለም በድዷ እንድትስቅልኝ ንገራት። ለጋራዥ ጓደኞችህ ሁሉ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ምሳውን በእኔ ስም ስለበሉ እንዳይጨነቁ፣ እህቴ አልተሻረችም፣ ተወዳድራ ተሸነፈች በላቸው። ዘይነባ ሰላም በይልኝ ብላሃለች። እማዬ ከጎኔ ሆና እያስነበበችኝ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ "የሱንም ጋራዥ ሰዎች ልብ ፈጣሪ ይክፈትለት ብላ መረቀችህ በይው" አለችኝ። እሷ እንደ አባ አይደለችም፣ የምትመርቀውን ታውቃለች፤ ስምህንም ጠርታ ነው የመረቀችህ።

ናፋቂ እህትህ ማሬ

ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.